«ዱበሎ» የማን ቃል ነው?

ጁባ ከገባሁ በኋላ የሰማሁት የመጀመሪያው ቀልድ በሰፈራችን ስም ላይ የተቀለደ ነበር። ከአዲስ አበባ ገና የመጣ እንግዳ «የት ነው የምትኖሩት?» ብሎ ሲጠይቅና «ጉዴሌ» ሲባል፣ ከነባሮቹ አንዱ አይጠፋም፤ «ጉድ አለ ማለት ነው፤ ቆይተህ ታየዋለህ» ይለዋል። ሌላው ደግሞ «የለም፣ ጉድለት ከማለት የመጣ ነው፤ ውኃው ይጎድላል፣ መብራቱ ይጎድላል» ሲል ያርመዋል። ጉዴሌ በባሪዎች ምድር ያለ የሰፈር ስም ነው፤ ከእኛ ጉድም ሆነ ከእኛ ጉድለት ጋር አንዳች ዝምድና የለውም። ይህን ተናጋሪውም ሰሚውም ያውቁታል። ቀልዱ የሚያስቀውም ስለሚያውቁት ነው።

ይህን ማስቀደሜ በከንቱ አይደለም። ሰሞኑን በሰፈራችን የቡና ሰዓት አንድ ክርክር ተነሥቶ ነበር፤ እኔም የአንደኛው ወገን ጠበቃ ሆኜ ስለተሰለፍሁ፣ በስኒ መካከል ሳይቋጭ የቀረውን ነገር በዚህ ዐምድ ልቋጨው ብዬ ብዕሬን አንሥቻለሁ።

አንድ ወጣት ጎረቤታችን በስልኩ ላይ ትንሽ ፕሮግራም ሠራ። ቁልፉ በተነካ ቁጥር ኮምፒዩተሩ ከፊደል ገበታው ሦስት ፊደላትን በዕጣ ያወጣና ጎን ለጎን ያሰልፋቸዋል፤ ከዚህ ሌላ ሥራ የለውም። መብራት በጠፋ ምሽት ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ለወጣው ቃል ጥሩ ትርጉም የሰጠ ያሸንፋል። «ጀነሩ» ወጣ፤ «ጀነሬተር ነው፣ ነዳጁ አልቆበት መሃል ላይ የቀረ» አለ አንዱ። «ቀጠሶ» ወጣ፤ «ቀጠሮ ሰጥቶ ስልኩን የሚዘጋ ሰው» ተባለ። «ዱበሎ» በወጣ ጊዜ ግን ባለሱቁ ማንንም አላስቀደመ። «በዱቤ የሚበላ!» ብሎ ዓይኑን በተቀመጥነው ላይ ሲያዞር ግማሾቻችን አቀረቀርን። ከዚያ ወዲህ «ዱበሎ» በሰፈራችን የታወቀ ቃል ሆኗል፤ በዱቤ መዝገቡ ሽፋን ላይ ተጽፎም አይቼዋለሁ።

ክርክሩ የተነሣው «ይሂድ» የወጣ ዕለት ነው። በመካከላችን «አገሬ ልግባ ወይስ ልቆይ?» እያለ ለወራት ሲያወጣና ሲያወርድ የከረመ አንድ ወንድማችን ነበር። ስልኩ በእጁ እንዳለ ቃሉ ወጣ። ሁላችን ሳቅን፤ እሱ ግን አልሳቀም። «ማሽኑ አያውቀኝም፤ ሊያስደስተኝም ሊያስቀይመኝም አይፈልግ። ታዲያ ይህን ቃል ከየት አመጣው?» አለ። ከአጠገቡ የነበሩትም ሁለትና ሦስት ሰዎች «እውነቱን ነው» አሉ። በዚያው ምሽት አንድ አባት ደግሞ ከተቃራኒው ወገን ተነሥተው፣ ትርጉም በሌለው ነገር መሳቅ የሥራ ፈት ጠባይ ነው ሲሉ ሁላችንንም ገሠጹን።

ለእኒህ አባት መልሴ አጭር ነው። እንቆቅልሽ ሲጫወት ያደገ ሕዝብ ቃልን ገልብጦ በማየት ሥራ ፈት አይሆንም። እውነተኛው ጠቤ «ማሽኑ ያውቃል» ከሚሉት ጋር ነው።

እስቲ በቁጥሩ እንጀምር። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹን ለጊዜው እንተዋቸው። ሦስት ፊደል በዕጣ ሲወጣ ሊገጣጠሙ የሚችሉት መንገዶች 12,326,391 ናቸው። ከእነዚህ መካከል አማርኛ የሆኑ፣ አማርኛ የሚመስሉ፣ ወይም በትንሽ ግፊት አማርኛ የሚሆኑ ብዙ ሺህ ቃላት አሉ። እኛ በየምሽቱ ስንት ጊዜ ቁልፉን እንደነካን ማን ቆጠረ? «ይሂድ» ከመውጣቱ በፊት የወጡትን እነ «ጿቡኬ»ን፣ እነ «ዤፐሆ»ን ማን ያስታውሳል? ምልክት ፈላጊ ሰው የሚይዘው መዝገብ የገባለትን ብቻ የሚጽፍበት ነው። ደግሞስ «ይሂድ» ማለት ማን ይሂድ ማለት ነው? የቤቱ ባለቤት? የጀነሬተሩ ጠጋኝ? ያ ወንድማችን «እኔ» ብሎ የሞላበት ክፍት ቦታ ከስልኩ የመጣ አልነበረም፤ ለወራት በልቡ ይዞት የዞረው ነው።

ከዚህ ላይ የፊደላችን ነገር ሳይነሣ አይታለፍም። የላቲን ፊደላት በዕጣ ሲወጡ ብዙውን ጊዜ ተነባቢዎቹ ይከመሩና ምላስ የሚያነሣው ነገር ይጠፋል። አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ክሎድ ሻነን እ.ኤ.አ. በ1948 ባሳተመው ታዋቂ ጽሑፉ፣ በዘፈቀደ የወጡ ፊደላት እንግሊዝኛ እንዲመስሉ የትኛው ፊደል ከየትኛው ቀጥሎ ምን ያህል ጊዜ እንደሚመጣ መቁጠርና ዕጣውን በዚያ መሠረት መጣል አስፈልጎታል። የእኛ ፊደል ግን አናባቢውን በጉያው ይዞ የተፈጠረ ስለሆነ እንዴትም ቢደረደር ይነበባል። የሚነበብ ነገር ደግሞ ጆሮን «ምን ይሆን?» ያሰኛል። በዚህ ላይ አንባቢያችን መጥበቅና መላላትን ከራሱ እየጨመረ ማንበብ የለመደ ነው። «ገና» ብለን ጽፈን በዓሉን ይሁን «አልደረሰም» ማለታችንን የሚወስነው አንባቢው ነው፤ «ዋና»ም፣ «አለ»ም እንዲሁ። ፊደሉ ግማሹን ይሰጣል፣ ግማሹን አንባቢው ያመጣል። እንዲህ ባለ ጽሕፈት ያደገ ሰው ባዶ ቃል ሲያይ ዝም ብሎ ማለፍ ቢያቅተው አይፈረድበትም።

«ታዲያ ቅኔስ?» ብሎ የሞገተኝ ሰው ነበር። ሰሙን ገፎ ወርቁን ማውጣት ክቡር ጥበብ ከሆነ፣ ከማሽን ቃል ትርጉም ማውጣት ለምን ያንሳል? ይህ ከሁሉም የበረታው ጥያቄ ነው። ልዩነቱ ግን ወርቁን የቀበረው ማን ነው በሚለው ላይ ነው። በቅኔ ውስጥ ቆፋሪውን እየጠበቀ፣ እየፈተነ፣ አንዳንዴም እያሾፈበት ወርቁን አስቀድሞ የሸሸገ ባለቅኔ አለ። በ«ዱበሎ» ውስጥ የሸሸገ የለም። ባለሱቁ ራሱ ቀብሮ ራሱ አወጣው፤ ስለዚህም ቅኔው የእሱ ነው። ይህን ክብር ከባለሱቁ ነጥቆ ለስልኩ መስጠት ማሽንን ከፍ ማድረግ አይደለም፤ ሰውን መዝረፍ ነው።

ታሪካችንም ለዚህ ምስክር አያጣም። የአምስቱ ቅንዋተ መስቀል ስም ተብለው በክታብና በጸሎት መጻሕፍት የሚገኙት ሳዶር፣ አላዶር፣ ዳናት፣ አዴራና ሮዳስ የግዕዝ ቃላት አይደሉም። ሥራቸው ሳቶር፣ አሬፖ፣ ቴኔት፣ ኦፔራ፣ ሮታስ የሚሉ፣ በአምስት መስመር ሲደረደሩ ከላይም ከታችም፣ ከግራም ከቀኝም አንድ ሆነው የሚነበቡ አምስት የላቲን ቃላት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ79 ዓ.ም. በእሳተ ገሞራ በተቀበረችው በፖምፔይ ተቀርጸው ተገኝተዋል። «አሬፖ» የሚለውን ቃል በሌላ የላቲን ጽሑፍ ያገኘው የለም፤ ምናልባት አደራደሩ እንዲሰምር ብቻ የተፈጠረ ይሆናል። ይህ የፊደል ጨዋታ ባሕር ተሻግሮ በግብፅና እዚሁ በናይል ዳር በነበሩት የኑቢያ ክርስቲያኖች ዘንድ ታወቀ፤ እኛም ዘንድ ደርሶ ከአምስቱ ችንካሮች ጋር ተቆራኘ። ይህን የማነሣው የማንንም እምነት ለመንካት አይደለም። ይልቁንም ትርጉሙ ከየት እንደመጣ ለማሳየት ነው። ከመስቀሉ ፊት ቆመው ካለቀሱት ሰዎች እንጂ ከአምስቱ የላቲን ቃላት አልመጣም።

ወደ ማሽኑ እንመለስ። በኢንተርኔት ቤት ዘመን ኢሜይል ለመክፈት የተቀመጠ ሁሉ የተጣመሙትን ቃላት ያስታውሳል። «ሰው መሆንዎን ያረጋግጡ» የሚለን፣ ካፕቻ የተባለው ፈተና ነው። ላቲኑን በአማርኛ ጆሮ እያነበብን፣ አንዱ «ሌባ» ወጣልኝ ሲል ሌላው «ዱባ» እያለ ስንት ሳቅን! ያን ጊዜም «ኮምፒዩተሩ አማርኛ ጀመረ» የሚል አልጠፋም። አሁን ሲታሰብ ግን የሚያስቀው ሌላ ነው። ፈተናውን በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ካበጁት አንዱ የሆነው ሉዊስ ቮን አን እ.ኤ.አ. በ2007 ከባልደረቦቹ ጋር አዲስ ዓይነት ይዞ መጣ። ሁለት ቃል ይቀርባል፤ አንዱን ማሽኑ ያውቀዋል፣ ሁለተኛው ግን ከአሮጌ መጻሕፍትና ከድሮ የኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ገጾች ተወስዶ ማሽኑ ማንበብ ያቃተው ነው። እኛ ስንጽፍለት እሱ ይማር ነበር። ጉግል ይህን ሥራ እ.ኤ.አ. በ2009 ገዛው። «ያውቃል» ብለን የተደነቅንበት ሣጥን እንግዲህ ማንበብ አቅቶት ከእኛ የሚለምን ነበር፤ እኛም ያለ ደመወዝ አነበብንለት። ለሳቃችን ሂሳብ የጠየቀን ባለመኖሩ ግን ደስ ይለኛል።

ትርጉም ጠያቂውና ሰጪው የተምታቱበት ሌላው ጊዜ እ.ኤ.አ. 2018 ነው። በጉግል የትርጉም አገልግሎት ላይ «አግ አግ አግ» እያሉ ደጋግመው ጽፈው «ከሶማልኛ ተርጉም» ያሉ ሰዎች፣ መጽሐፍ ቅዱስ የሚመስሉ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገሮች ወጡላቸው። ወሬው ዓለምን ዞረ፤ ትንቢት ነው ያለም አለ። የሚበዙት ባለሙያዎች የገመቱት ምክንያት ግን ቀላል ነበር። ማሽኑ የሚማረው በሁለት ቋንቋ ከተጻፉ ጽሑፎች ነው፤ ጽሑፍ ባነሰበት ቋንቋ ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ የሚገኘው ቅዱስ መጽሐፍ ነው። መልስ የሌለው ጥያቄ ሲቀርብለት ዝም ማለትን አልተማረም፤ ስለዚህ ከያዘው ቆንጥሮ ይሰጣል።

በዚያ ሁኔታ ላይ አማርኛችንም ሩቅ አልነበረም። ቋንቋችን ወደዚሁ አገልግሎት የገባው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው፤ ኦሮምኛና ትግርኛ ደግሞ በ2022። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚወጣው አማርኛ በግልጽ የተሰበረ ስለነበር አንባቢው ወዲያው ይስቅና ይጠነቀቅ ነበር። አሁን ስብራቱ ተጠግኗል፤ ዓረፍተ ነገሩ ልብሱን አጥቦ፣ ክራቫቱን አስሮ ይመጣል። ባዶው ግን አንዳንዴ ከነባዶነቱ በውስጡ አለ፤ ያን ጊዜ ክፍተቱን የሚሞላው ያው የለመደው አንባቢ ነው። በቡናው ላይ ያስጨበጨበልን ችሎታ ውል ፊት ስንቀመጥ ጠላታችን የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

ይህን የምለው ከሰው ሰምቼ አይደለም። የተከራየሁት ቤት ውል በእንግሊዝኛ ነበር፤ እኔም ሰው ከማስቸግር ብዬ በስልኬ አስተረጎምሁት። ሁሉም ጥሩ ነበር፤ አንድ ቦታ ላይ ብቻ የአንድ ወር ኪራይ የሚያህል ገንዘብ «የደኅንነት ተቀማጭ» ሆኖ እንደሚከፈል ይላል። ሐረጉ አማርኛ ነው፤ ምን ማለት እንደሆነ ግን ለአማርኛ ተናጋሪ ግልጽ አይደለም። ማሽኑ ክፍተቱን ትቶልኝ፣ እኔ ሞላሁት። በግቢው በር ሌሊቱን ሙሉ የሚያድሩ ሁለት ዘበኞች ነበሩና «የእነሱ ክፍያ ነው» አልሁ። ትርጉሙ ሥፍራውን ስለገጠመልኝ እንዲያውም ተደሰትሁ! ከ«ይሂድ»ም በላይ የሚያሳምን ነበር። ቤቱን ስለቅ ገንዘቡን አልጠየቅሁም፤ ባለቤቱም «ረሳህ» አላለኝም። ከወራት በኋላ አንዲት እንግሊዝኛ አዋቂ ጎረቤቴ ወረቀቱን አይታ «ይህማ መያዣው ነው፤ ምንም ካልሰበርክ ስትወጣ ይመለስልሃል» አለችኝ። ጊዜው አልፎ ነበር።

ስለዚህ በዚያ ምሽት ያን ወንድማችንን ስሟገተው ድምፄ ከፍ ብሎ እንደነበር አልክድም። ይሂድ ወይም ይቅር፣ ያ የእሱ ውሳኔ ነው፤ እናቱን፣ ኪሱንና የመንገዱን ሁኔታ አማክሮ ይወስን። ብቻ ነገ መንገዱ ባይቃናለት «ማሽኑ ነው የላከኝ» እንዳይለን። «ዱበሎ»ን ግን ማንም አይከለክለንም፤ እኛው የፈጠርነው ቃል ነውና።

የቤቱን ነገር በመጨረሻ ለቡናው ማኅበር ሳጫውታቸው፣ ያ ፕሮግራሙን የሠራው ልጅ «የደኅንነት ተቀማጭ» የሚለውን እንደ ወጣ ዕጣ ቆጥሮ ለጨዋታ አቀረበው። አንዱ «በሰላም ቁጭ ያለ ሰው» አለ። ሌላው «ደኅና እደሩ ብሎ የማይነሣ እንግዳ» አለ። አሸናፊው ግን ያው ባለሱቁ ነበር፤ «ባለቤቱ ደኅና ሆኖ፣ ተቀምጦ የሚበላው ገንዘብ» አለ፤ ቀጥሎም ወደ እኔ ዞሮ የመዝገቡን ገጽ ገለጠ።