የውሻው አፍ ሲሸት እኛ ነን እንዴ ጥፋተኛ?

እህቶቼ፣ እዚህ ቤሩት ውሻ ያለበት ቤት የምትሠሩ ታውቁታላችሁ። የውሻው አፍ በድንገት ሲሸት ማዳም መጀመሪያ «ምን አብልተሽው ነው?» ነው የምትለው። ምግብ ብቻ እኮ አይደለም! ጥርሱ ተሰብሮ መግል ይዞ ይሆናል፤ አጥንት ወይም እንጨት ላንቃው ላይ ተሰንቅሮም ይሆናል። የድመት ሰገራ በልቶም ሊሆን ይችላል (ይቅርታ፣ ግን ያደርጉታል)። ትንፋሹ ሽንት ሽንት ካለ ኩላሊት፣ ውሃ እያበዛ ፍራፍሬ ፍራፍሬ ከሸተተ ደግሞ ስኳር በሽታ ሊሆን ይችላል። ይሄ የኛ እጅ ያመጣው ነው?

እኔ የምለው፣ ሽታው በጀመረበት ቀን ለማዳም በዋትሳፕ ላኩላት፤ ቀኑ እዚያው ይቀመጣል። ለሐኪም አሳዪው በሏት። ካስመለሰው፣ መብላት ካቆመና ከደከመው ለነገ አይባልም። አፉን በግድ አትክፈቱ፣ ያመመው ውሻ ይነክሳል። በሰው የጥርስ ሳሙና እጠቢው ካለቻችሁም «መጀመሪያ ሐኪሙን ጠይቂ» በሏት። አንዳንዱ ሳሙና ውስጥ ያለው ዛይሊቶል የሚባል ማጣፈጫ ውሻ ይገድላል። ከሞተ ደግሞ ማን ላይ እንደሚላከክ ታውቁታላችሁ።