ከወንዙ ወደ ሣሩ፣ ከሣሩ ወደ ወተቱ

ሮማውያን በውሃቸው ይኮራሉ። እ.ኤ.አ. ከ1874 ጀምሮ በየአደባባዩ የተተከሉት ናሶኒ የሚባሉ የብረት ቧንቧዎች ዛሬ ወደ 2,500 ይጠጋሉ። ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ወርደው ከተማዋን የሚዞሩ ሐበሾችም ጥማቸውን የሚቆርጡት ከነዚሁ ነው። ውሃው በአብዛኛው የሚመጣው ሪየቲ አጠገብ ካለው የፔስኪዬራ ምንጭ ሲሆን፣ ያለ ሥጋት ይጠጣል።

ከዚህች ከተማ በስተደቡብ ምሥራቅ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በሳኮ ወንዝ ሸለቆ ግን በነዋሪዎች ደም ውስጥ የሰውነትን ሆርሞን የሚያውክ መርዝ ተገኝቷል። መርዙ በምን በኩል እንደገባ ማወቅ ለአዲስ አበባም ይጠቅማል። ስለ ውሃ ብክለት ሲነሳ ሁሉም ሰው ዓይኑን የሚተክለው ብርጭቆው ላይ ነውና።

የሸለቆዋ ኮሌፌሮ እ.ኤ.አ. በ1912 በተቋቋመ የፈንጂ ፋብሪካ ዙሪያ ያደገች ከተማ ናት። ቆይቶ በኢንዱስትሪ ግቢው ሊንዴን የተባለው ፀረ ተባይም ይመረት ጀመር። ሊንዴን ሲሠራ ከሚፈለገው ምርት ይልቅ ተረፈ ምርቱ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ከተረፈ ምርቱ መካከል ቤታ ኤችሲኤች የሚባለው በአፈርም በሰውነትም ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሳይበሰብስ ይቆያል። የግቢው ዝቃጭ መሬት ውስጥ ተቀበረ። ዝናብ እያጠበ ወደ ቦይ፣ ከቦዩም ወደ ሳኮ ወሰደው። ገበሬዎች በወንዙ ውሃ የከብት መኖ አለሙ፤ ላሞቹ በሉት። ቤታ ኤችሲኤች ስብ ውስጥ የሚከማች ስለሆነ በወተታቸው ወጣ።

ነገሩን ይፋ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2005 ለቁጥጥር የተወሰደ የወተት ናሙና ነው። በዚያው ዓመት መንግሥት በሸለቆው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀ፤ በወንዙ ዳር ማረስና ከብት ማርባት ታገደ፤ ከብቶች ታረዱ። መርዝ ቀብረው የማያውቁ ገበሬዎች የመጀመሪያውን ዕዳ ከፈሉ።

የላዚዮ ክልል ተመራማሪዎች የ246 ነዋሪዎችን ደም መርምረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2013 አሳተሙ። መርዙ ከፍ ብሎ የተገኘው በወንዙ አጠገብ በሚኖሩት ላይ ነበር። የግል ጉድጓድ ውሃ የሚጠቀሙና በአካባቢው የተመረተ ምግብ የሚበሉ ሰዎች ይበልጥ ተጋልጠዋል። የመርዙ ግማሹ እንኳ ከሰው አካል እስኪወጣ ሰባት ዓመት ገደማ ይፈጃል፤ ወተቱን መጠጣት ዛሬ ማቆም የትናንቱን አያጥብም።

እንዲህ ያሉ ኬሚካሎች የሚያስፈሩት ወዲያው ስለሚገድሉ አይደለም። ሆርሞን በደም እየተጓዘ ለእያንዳንዱ የሰውነት ክፍል ማደግን፣ መውለድን፣ ጉልበት ማቃጠልን የሚያዝ መልእክት ነው። እጅግ በጥቂቱ ይሠራል። እሱን የሚመስል ባዕድ ነገር ሲገባ ሴሎች ከራሳቸው ሆርሞን ጋር ያምታቱታል፤ ወይም ትክክለኛው መልእክት እንዳይደርስ ይዘጋል። ቤታ ኤችሲኤች በቤተ ሙከራ የሴት ሆርሞን የሆነውን የኤስትሮጅንን ሥራ ሲሠራ ታይቷል። ከሁሉም በላይ የሚያሳስበው ፅንስ ነው፤ የአካል ክፍሎቹ የሚበጁት በሆርሞን ትእዛዝ ስለሆነ፣ በዚያ ወቅት የተዛባው በኋላ አይቃናም።

ሆርሞን ከሰውም ወደ ውሃ ይገባል። የሮማ ላ ሳፒየንዛ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስቶች እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት ስድስት የከተማዋን የፍሳሽ ማጣሪያዎች ፈትሸው ነበር። ኤስትራዳዮል የተባለው ኤስትሮጅን በአማካይ 87 በመቶ ሲወገድ፣ ኤስትሮን የተባለው ግን የተወገደው 61 በመቶ ብቻ ነበር። ቀሪው ወደ ወንዝ ይሄዳል። ለዓሣ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ካናዳ ውስጥ ተመራማሪዎች ለሦስት ዓመት የእርግዝና መከላከያ እንክብል ሆርሞን በሊትር ከአንድ ግራም ቢሊዮንኛ አምስት ያህሉን ብቻ ሐይቅ ውስጥ ሲጨምሩ፣ ወንዶቹ ዓሦች የእንቁላል ፕሮቲን ማምረት ጀመሩ፤ አንዱ የዓሣ ዝርያም ከሐይቁ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። በመጠጥ ውሃ በኩል ሰው የሚያገኘው የእንክብል ሆርሞን ግን እጅግ ጥቂት ነው። ስብ ውስጥ የሚከማቹትና በምግብ በኩል ከፍ እያሉ የሚሄዱት ኬሚካሎች ይበልጥ ያሳስባሉ።

ኢትዮጵያ ውስጥ የዚህ ማስረጃ አለ። ዲዲቲ ለወባ መከላከያ በየቤቱ ግድግዳ ለአሥርተ ዓመታት ተረጭቷል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት በጅማ፣ በሰርቦና በአሰንዳቦ የእናቶችን የጡት ወተትና የላም ወተት መርምሮ በሁለቱም ውስጥ ዲዲቲን አግኝቷል። ዲዲቲ ሲፈርስ የሚቀረው ዲዲኢ የወንድ ሆርሞንን ሥራ ያግዳል። እናት ልጇን ማጥባት ግን ማቆም የለባትም፤ የጡት ወተት ጥቅሙ ይበልጣል። መጠየቅ ያለበት መርዙን ወደ ወተቷ ያስገባው አሠራር ነው።

አዲስ አበባ የምትጠጣው ከለገዳዲ፣ ከገፈርሳና ከድሬ ግድቦች እንዲሁም ከአቃቂ ጉድጓዶች ነው። የአቃቂ ወንዝ ደግሞ የቤቱን፣ የቆዳ ፋብሪካውንና የጨርቃ ጨርቁን ፍሳሽ ተሸክሞ ይወርዳል። በውሃው ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ይለማል፤ ከብት ይጠጣዋል፤ በዳሩ የበቀለውን ሣር ይግጣል። በአትክልቱ ስለሚገኙት ከባድ ብረቶች ተመራማሪዎች ለዓመታት ጽፈዋል። ሆርሞን አዋኪ ኬሚካሎችም በዚያው ልክ ይፈተሹ። የታሸገ ውሃ የሚገዛ ቤተሰብ ሥጋቱን የዘጋ ሊመስለው ይችላል፤ ጠዋት ለልጁ የሚያፈላው ወተት ላሟ የት እንደዋለች ካልታወቀ ግን ሥጋቱ ገና አልተዘጋም።

ስለዚህ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንና የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ከወንዙ ዳር ወተትና አትክልት በየጊዜው እየወሰዱ መመርመርና ውጤቱን ለሕዝብ ማሳወቅ አለባቸው። ከኮሌፌሮ አንድ ነገር ቀድሞ መወሰድ ይኖርበታል፦ ከምርመራው በፊት የካሳ ደንብ ይውጣ። ላሟ ልትታረድበት እንደምትችል የሚያውቅ የአቃቂ ገበሬ ለመርማሪ ናሙና ሊሰጥ አይደፍርም፤ ዋጋዋን ከፋብሪካው ወይም ከመንግሥት እንደሚያገኝ በጽሑፍ ከተረጋገጠለት ግን ወተቱን ይዞ ይቀርባል። ይህ ሁሉ ሊዘገይ አይገባም። በሳኮ 19 ማዘጋጃ ቤቶችን የሚያካልል ከ7,000 ሄክታር በላይ መሬት እ.ኤ.አ. በ2016 በአገር ደረጃ መጽዳት ያለበት ቦታ ተብሎ ተከልሏል። ያ የሆነው ወተቱ ከተያዘ ከ11 ዓመት በኋላ ነው።