ተጠምቆም «ርኩስ»?

ከቦንጋ ወጣ ባለች አንዲት መንደር ቡና ተጋብዤ ተቀምጫለሁ። ባለቤቶቹ የታወቁ ሃይማኖተኞች ናቸው፤ ሳይጸለይ ስኒ አይነሳም። ከሰል የተሸከመ ሽማግሌ መጥቶ ደጅ ቆመ። ሒሳቡ ተከፈለው፤ ቡናም አልተነፈገም። ነገር ግን የተቀዳለት በስኒ ሳይሆን ለእሱ ቢጤ ተለይታ ከውጭ ከአጥሩ ሥር በተደፋች ጣሳ ነበር። «ማንጆ ነው» አሉኝ። ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገም። ሽማግሌው የተጠመቀ ክርስቲያን መሆኑን የሰማሁት ቆይቼ ነው።

ማንጆዎች በከፋ ምድር ከጥንት ጀምሮ በደንና በአደን የኖሩ፣ ዛሬ አርሰው፣ ማገዶና ከሰል ሸጠው የሚያድሩ ሰዎች ናቸው። ቋንቋቸው ያው የከፋ ቋንቋ ነው። የሚለያያቸው ገበታ፣ ትዳርና መቃብር ነው። በድሮው ልማድ ማንጆ በመንገድ ላይ ከፋውን ሲያገኝ ገለል ብሎ ያሳልፍ ነበር፤ ሰላምታው ራሱ «ለእርስዎ ልሙት» እንደማለት ነበር።

ምክንያቱ ሲጠየቅ «ጉሬዛና የዱር አሳማ ስለሚበሉ» ይባላል። እስቲ እንቀበለው። ብዙዎቹ ክርስትና ሲቀበሉ ያንን ሥጋ ትተዋል። ታዲያ ሥጋው ሲቀር ጣሳዋ ለምን አልቀረችም? እንግዲያው የተጠላው የሚበላው ነገር አይደለም፤ በላተኛው ነው።

ክርስቲያኑን በራሱ መጽሐፍ ልሞግተው። ጴጥሮስ በኢዮጴ ሰገነት ላይ ያየው ራእይ ስለ እንስሳት ይመስል ነበር፤ ነገሩ ስለ ሰው መሆኑ የገባው የቆርኔሌዎስ መልእክተኞች በሩን ካንኳኩ በኋላ ነው። ይኸው ጴጥሮስ ኋላ አንጾኪያ ላይ ይሉኝታ ይዞት ከአሕዛብ ገበታ ሲሸሽ፣ ጳውሎስ በሰው ፊት ወቀሰው። «ባህል ነው፤ ጊዜ ይፈታዋል» አላለውም።

እኔ ያነጋገርኳቸው አገልጋዮች ግን የሚሉት ይህንኑ ነው። የትኛው ጊዜ? አባ ማስያስ እ.ኤ.አ. በ1859 ከፋ ከገቡ እንኳ ከ160 ዓመት በላይ ሆነ፤ ኦርቶዶክሱ ደግሞ ከዚያም ይቀድማል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ወጣ፤ በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 25 ሰው ሁሉ እኩል ነው አለ። በ1994 ዓ.ም. ግን በዴቻ ወረዳ ቂሙ ፈንድቶ ደም ፈሰሰ። ጊዜ የፈታው ይህን ነው?

ሁለተኛው መልስ ይብሳል፤ «ለብቻቸው ሲያመልኩ ይመቻቸዋል» የሚለው። ይህማ ጣሳዋን በግንብ መሥራት ነው! እርግጥ ማንጆው ፊት ወንበር ላይ ሲቀመጥ ሌላው ምእመን በኋላ በር ይወጣል የሚለው ስጋት ከንቱ አይደለም። በአውቶቡስ መጥቼ በአውቶቡስ ለምመለሰው ለእኔ መውቀስ ቀላል ነው፤ ምእመን የሚጎድልበት አገልጋዩ ነው። ቢሆንም ምእመኑ እንዳይሸሽ ተብሎ ዝም የሚባል ከሆነ መድረኩን የያዘው ማን እንደሆነ ይነገረን።

በ1964 ዓ.ም. የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ጄኔቫ ላለው የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን የጻፈችው ደብዳቤ ይታወሳል። ሰውን ነፍስና ሥጋ ብላችሁ አትክፈሉ፣ አገልግሎት ለሁለንተናው ነው የሚል ነበር። ፈረንጅን በዚህ መገሠጽ ያኮራል፤ በየትኛውም ቤተ እምነት ያለን ሁላችን ልንኮራበት ይገባል። ለጄኔቫ የሠራው ቃል ለዴቻና ለጊምቦ አይሠራም? ከፋስ ቢሆን ንቀትን ከማን ሊማር ነው? የ1889 ዓ.ም. ዘመቻ ንጉሡን ጋኪ ሸሮቾን አሳስሮ ሕዝቡን ገባር ማድረጉን የሚተርኩት አያቶቹ ናቸው።

ከዚያ ቤት ከመውጣቴ በፊት ባለቤቲቱን ስለ ጣሳዋ ጠየቅኳቸው። አልተቆጡም። «እኔስ ጠልቼው አይደለም ልጄ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ «በስኒዬ ካጠጣሁት ነገ ጎረቤት ቡናዬን አይቀምስም።» እውነታቸውን ነው፤ ብቻቸውን ይህን ዕዳ እንዲሸከሙ መጠየቅ ግፍ ነው። ስለዚህ ጥያቄዬ ለእሳቸው አይደለም። ቄሱ፣ አባ ወይም መጋቢው በመጪው እሑድ ከስብከት በኋላ ወደዚያ ሽማግሌ ቤት ይሂዱ፤ ገብተው ይቀመጡ፤ በሽማግሌው ስኒ ሦስቱንም ይጠጡ። በሩ ክፍት ይሁን፤ ጎረቤት ይይ።