ክራር ለለቅሶ ብቻ አይደለም

ከሥራ ውላችሁ፣ ራት አቅርባችሁ፣ ልጆች አስተኝታችሁ ይህን አምድ ለምታነቡ እናቶች ዛሬ ስለ አንድ የዘፈን አልበም እናወጋችኋለን። አልበሙ የአስናቀች ወርቁ ነው። ከቆቦ እናቶች ጋር ምን አገናኘው ትሉ ይሆናል፤ እንደርስበታለን።

አስናቀች ሲባል ቀድሞ ልባችን የሚገባው ትዝታ ነው። የሴትን ገጸ ባሕርይ ወንዶች ቀሚስ ለብሰው በሚጫወቱበት ዘመን መድረክ ላይ ከወጡት የመጀመሪያዎቹ ሴት ተዋንያን አንዷ ነበረች። ያረፈችው በመስከረም 2004 ዓ.ም. ነው። በ1960ዎቹ ዓ.ም. ሁለተኛ አጋማሽ የተቀረጹ ዘፈኖቿ በ2003 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ አገር በ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ አልበሞች 16ኛ ሆነው ወጥተዋል። ለቅሶ ጠብቆ የከፈተው ሰው ይገረማል። የኃይሉ መርጊያ ኦርጋን ከክራሯ ጋር ይጨዋወታል፤ ድራሙ ከሥር ያጅባል፤ የሰሚው ትከሻም አርፎ አይቀመጥም።

የቆቦን ሰው ግን ይህ ብዙም አያስደንቀውም። አምባሰልና ባቲ የተባሉት ቅኝቶች ስማቸው የወሎ ነው። በራያ ቆላ ደግሞ ነሐሴ 16 ቀን የፍልሰታ ጾም ሲፈታ ልጃገረዶች ለሶለል ወጥተው ከበሮ እየመቱ ይጨፍራሉ። ከአያት የተወረሰ ዘፈን ሁሉ የሐዘን እንዳልሆነ የቆቦ ልጅ በእናቷ ጀርባ ታዝላ ሳለች ታውቀዋለች።

ሆኖም በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት በዚህ አካባቢ አልፏል፤ ሐዘን የገባበት ቤትም ብዙ ነው። እንዲህ ባለ ቤት ሶለል በደረሰ ቁጥር እናት ትጨነቃለች። ልጇን «ሂጂ፣ ጨፍሪ» ብትላት ሟቹን የረሳች ይመስላታል፤ «ተይ፣ ቅሪ» ብትላት የልጅነት ወጓን ትነሳታለች። ጎረቤትስ ምን ይላል?

ለዚህች እናት የምንላት አለን። በአስናቀች አልበም ትዝታውንም ጭፈራውንም የምታወጣው ያችው አንዲት ሴት፣ በዚያው ክራር ነው። አንዱ ሌላውን አላባረረውም። ሞቅ ያለ ዘፈን የሞተን መርሳት አይደለም። ማቅ የለበሰች እናት ከበሮ ትምታ አንልም፤ ሐዘን የራሱ ጊዜ አለው። ልጅቱን ግን ጸጉሯን ሠርታ፣ የክት ልብሷን አልብሳ ከእኩዮቿ ጋር ትላካት። የአያቷን ዜማ የምትማረው ከዚያው ነውና፣ ዛሬ ከቀረች ነገ ለልጇ የምታወርሰው አይኖራትም።

እናንተም በያላችሁበት ከተማ አልበሙን ፈልጋችሁ ከልጆቻችሁ ጋር አዳምጡት። ትዝታው ሲያስለቅሳችሁ አልቅሱ፤ ምቱ ሲሞቅ ደግሞ ልጆቹ ቢነሡ አትከልክሏቸው።