ምሥጢር ጠባቂና ቤተ ሰቡ

የመንግሥት ምሥጢር በብረት ሣጥን ቢቈለፍም፤ የሚጠበቀው በሰው ታማኝነት ነው። ስለዚህ በአሜሪካ አገር፤ ፕሬዚዳንት ክሊንተን እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1995 ዓ.ም. ባወጡት ትእዛዝ መሠረት፤ ምሥጢር እንዲያይ የሚፈቀድለት ሠራተኛ ኑሮው አስቀድሞ ይመረመራል። አመልካቹ ቅጽ 86 በሚባለው ረጅም መጠይቅ የ10 ዓመት መኖሪያውንና ሥራውን፤ ያልከፈለውን ዕዳ፤ በሕይወት ያሉትንም የሞቱትንም የቅርብ ዘመዶቹን ከነልደታቸው ይጽፋል።

በዚያ አገር ዜግነት ያገኙ ወገኖቻችን ከዚህ ላይ ሲደርሱ ልባቸው ይከፈላል። «እናቴ በጎንደር ትኖራለች ብዬ ብጽፍ እንጀራዬን አጣለሁ» ብሎ ለመሸሸግ የሚያስብ አለ። እኛ ግን አይሸሽግ እንላለን። እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ2017 ዓ.ም. የጸናው የ13 ነጥብ መመሪያ፤ ዘመድ በውጭ አገር መኖሩን ብቻውን በደል አያደርገውም፤ የሚመዝነው ሰውየው በዘመዱ ምክንያት ሊገደድ መቻሉን ነው። ዕዳም በሥርዓት ሲከፈል ይቃለላል። አውቆ መዋሸት ግን እምነትን ያፈርሳል፤ በሕግም ያስቀጣል። እናቲቱ «በዘመነ ማርቆስ፤ ለጥቅምት ሚካኤል ተወለድሁ» ከማለት በቀር ዓመቱን ባታውቅ፤ ልጁ አስልቶ ይጻፍና በግምት መሆኑን ምልክት ያድርግ፤ ቅጹ ይህን ይፈቅዳልና።

ፈቃዱ ከተገኘም በኋላ ጥበቃው አያልቅም። እናቱን ሊጠይቅ ባሕር ቢሻገር እንኳ አስቀድሞ ለመሥሪያ ቤቱ ማስታወቅ አለበት። እናንተም የቤት እመቤቶች ሆይ፤ ባላችሁ ከሥራ ገብቶ ስለ ዋለበት ጉዳይ ዝም ቢል፤ ፍቅሩ የጐደለ አይምሰላችሁ፤ ዝምታው የቤታችሁ እንጀራ ነውና።