ጩኸት ብቻ አይደለም፣ ውስጡ ለቅሶም አለ!
(ያልተዘመረላቸው ስድስት የሮክ አልበሞች)

በዚህ ሳምንት ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አንዱን መርጬ ይዤ ቀርቤያለሁ። ጸሐፊው የ20 ዓመት ወጣት ነው። ስሜ አይገለጽ ስላለ «ወንድማችን» እያልን እንቀጥላለን። ደብዳቤው ረዘም ይላል፤ ፍሬ ነገሩ ግን እንዲህ ነው፦

«…ሮክና ሄቪ ሜታል በጣም እወዳለሁ። ጓደኞቼ ‹የፈረንጅ ጩኸት› እያሉ ሙድ ይይዙብኛል። እሱስ ግድ የለኝም፣ ለምጄዋለሁ። የከበደኝ የቤቱ ነው። እማዬ ክፍሌ በገባች ቁጥር ታማትባለች። ‹ይሄ የሰይጣን ዘፈን ልጄን ሊወስድብኝ ነው› እያለች ታለቅሳለች። አሁን ደግሞ ጸበል ካልሄድን ብላ ይዛኛለች። ከእማዬም ከሙዚቃውም መጣላት አልፈልግም። ምን ባደርግ ይሻለኛል? እግረ መንገዳችሁንም ሰው ሁሉ ከሚያውቃቸው ዘፈኖች ወጣ ያሉ፣ ጥሩ ጥሩ አልበሞች ጠቁሙኝ።»

ወንድማችን፣ የጠየቅኸን ሁለት ጥያቄ ቢመስልም አንድ ነው። እንዴት ብትል፣ አንድን ባንድ በገነነ ዘፈኑ ብቻ አውቀዋለሁ ማለት፣ ሰውን በሠርጉ ቀን ብቻ አይቶ አውቀዋለሁ እንደማለት ነው። ሙሽራ ሁሉ ያምራል፣ ሙዚቃው ይደምቃል፣ ሁሉም ይጨፍራል። ሰውየው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ የሚታወቀው ግን ሲከሰስ፣ ሲያዝን፣ ሲታመም፣ ወዳጁን ሲቀብር ነው። ብዙም ያልተወራላቸው አልበሞች የሚወለዱት አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ሰዓት ላይ ነው። እናትህም ቢሆኑ ከበሩ ውጭ የሚሰሙት ጩኸቱን እንጂ ታሪኩን አይደለም።

እነሆ ስድስት አልበሞች። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

1ኛ. ጁዳስ ፕሪስት፦ «ስቴይንድ ክላስ» (1978)

በእናትህ ፍርሃት እንጀምር። ይህን ፍርሃት እሳቸው አልፈጠሩትም። ከእሳቸው በፊት ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል። ይህን የእንግሊዝ ባንድ ሰው የሚያውቀው በ1980 ባወጣው «ብሪቲሽ ስቲል» ነው። «ስቴይንድ ክላስ» ግን ከዚያ ሁለት ዓመት ይቀድማል።

በ1985 በአሜሪካ ኔቫዳ ሁለት ወጣቶች ሕይወታቸውን ለማጥፋት ሞከሩ። አንዱ ወዲያው ሞተ፣ ሌላው ከሦስት ዓመት በኋላ አረፈ። ቤተሰቦቻቸው «አልበሙ ውስጥ የተደበቀ መልእክት አለ፣ ልጆቻችንን የገፋፋው እሱ ነው» ብለው ባንዱን ከሰሱ። ክርክሩ በ1990 በሬኖ ከተማ ተሰማ። የሚገርመው ነገር፣ አለበት የተባለው ዘፈን የባንዱ ድርሰት እንኳ አይደለም፣ ስፑኪ ቱዝ ከሚባል ሌላ ባንድ የተወሰደ ነው። ዳኛውም ተሰማ የተባለው ቃል የድምፃዊው ትንፋሽና የጊታር ድምፅ በአጋጣሚ ሲገጣጠሙ የፈጠሩት እንጂ ታስቦበት የተቀመጠ አይደለም ብለው ባንዱን ነፃ አወጡት።

ታዲያ በዚያ ቤተሰብ ኀዘን የሚስቅ ሰው እንዳይኖር! ልጅ የሞተበት ወላጅ ምክንያት ይፈልጋል። ምክንያቱ ካሴት ሆኖ ቢገኝ ለወላጅ ይቀልለዋል። አልበሙን ስትሰማው ከጸጥታ ተነስቶ ቀስ በቀስ የሚግል፣ ፈጣንና ንጹሕ የጊታር ሥራ ታገኝበታለህ።

2ኛ. ብላክ ሳባዝ፦ «ሳቦታዥ» (1975)

እነዚህኞቹን በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሥራዎቻቸው የማያውቃቸው የለም። ስማቸውን የወሰዱት ከአንድ የአስፈሪ ፊልም ርዕስ ነው፤ በእሱም የተነሳ ብዙ ተወርቶባቸዋል። እውነቱን ብትጠይቀኝ ግን የሄቪ ሜታል ድምፅ የመጣው ከፋብሪካ ነው ብልህ ይቀርባል። ጊታሪስታቸው በበርሚንግሃም የብረታ ብረት ፋብሪካ ሲሠራ፣ ሥራ በሚለቅበት በመጨረሻው ቀን ማሽን የሁለት ጣቶቹን ጫፍ ቆረጠው። ገና 17 ዓመቱ ነበር። ከፕላስቲክ ጠርሙስ አቅልጦ የጣት ቆብ ሠራና መጫወቱን ቀጠለ። በኋላ ጣቱን እንዳያመው ክሮቹን ሲያላላቸው ድምፁ ወፈረ፣ ከበደ። ያ ክብደት ዛሬ «ሜታል» የምንለው ሆነ። የብረት ሥራ ጣቱን ቢወስድበት ብረት የሚባል ሙዚቃ ሠራበት!

«ሳቦታዥ» ስድስተኛ አልበማቸው ነው። ሲቀዱት ከቀድሞ ሥራ አስኪያጃቸው ጋር በክስ ተጠምደው ነበር። ስለዚህ ንዴቱ የውሸት አይደለም። የመጨረሻው ረጅም ዘፈን በቀጥታ ስለዚያው ክስ የሚያወራ ነው። ደግሞ መሐል ላይ ቃል የሌለው፣ በመዘምራን ቡድንና በበገና መሰል መሣሪያ የታጀበ ቁራጭ አለ። ለእናትህ ካሰማሃቸው «ይሄ ደግሞ የማነው?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም።

3ኛ. ቴምፕል ኦፍ ዘ ዶግ፦ በባንዱ ስም የወጣ (1991)

ከስድስቱ አንዱን ብቻ ስማ ብባል ይህንን ነው የምልህ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሲያትል ከተማ ሁለት ድምፃውያን አንድ ቤት ተከራይተው ይኖሩ ነበር። አንደኛው የሳውንድጋርደን፣ ሌላው የማዘር ላቭ ቦን ድምፃዊ ነበሩ። በመጋቢት 1990 የማዘር ላቭ ቦኑ በሄሮይን ምክንያት ሞተ። የመጀመሪያው ሙሉ አልበማቸው ሊወጣ ጥቂት ነበር የቀረው። የቤት ጓደኛው ግን ከባንዱ ጋር ለሥራ መንገድ መውጣት ነበረበት፣ እርሙን ሳያወጣ ሄደ። በየአገሩ እየዞረ ሁለት ዘፈኖች ጻፈ። ሲመለስ የሟቹን የባንድ ባልደረቦች ጠርቶ «አብረን እንሥራው» አላቸው። በሁለት ሳምንት ገደማ ውስጥ አሥር ዘፈን ተቀዳ።

እኛ አገር ሰው ሲሞት ድንኳን ይጣላል፣ ዕድርተኛ ይመጣል፣ አልቃሽ ታወርዳለች፣ ሰው እያለቀሰ ይወጣለታል። እነዚያ ልጆች ድንኳን አልነበራቸውም። ስቱዲዮ ግን ነበራቸው። ይህ አልበም ሙሾ ነው ብል አላጋነንኩም። ከ11 ደቂቃ በላይ የሚሄደውን ዘፈን ስትሰማ ጊታሩ የሚያለቅስ ሰው ይመስልሃል፤ ቆም ይላል፣ እንደገና ይጀምረዋል።

አልበሙ ሲወጣ ያየውም የሰማውም ጥቂት ነው። በዚያው ቀረጻ ላይ ከሌላ ከተማ ገና የመጣ ዓይናፋር ልጅ በእንግድነት ዘፍኖ ነበር። የሟቹ ባልደረቦች ከዚሁ ልጅ ጋር የመሠረቱት ባንድ ፐርል ጃም ይባላል! ፐርል ጃም ሲገንን ሰው ዞሮ ወደዚህ አልበም መጣና ከሚሊዮን በላይ ቅጂ ተሸጠ። ለጓደኛው ያለቀሰው የሳውንድጋርደኑ ድምፃዊ ደግሞ በ2017 እሱም አለፈ። ዛሬ አልበሙን የሚሰማ ሰው ለሁለቱም ያለቅሳል።

4ኛ. ማድ ሲዝን፦ «አባቭ» (1995)

ይህኛው በሱስ ጉዳይ ለምትቸገሩ፣ ወይም የሚቸገር ወዳጅ ላላችሁ ነው። የፐርል ጃም ጊታሪስት ሱሱን ለመተው ማገገሚያ ገብቶ ሳለ ከአንድ የቤዝ ተጫዋች ጋር ተዋወቀ። ሲወጡ ባንድ ለማቋቋም ተስማሙ። ድምፃዊ እንዲሆን የተጋበዘው የአሊስ ኢን ቼይንሱ ነበር፣ እሱ ደግሞ በሄሮይን ተይዟል። የጊታሪስቱ ሐሳብ «ካገገሙ ሰዎች ጋር ቢውል እሱም ይተዋል» የሚል ነበር።

አልበሙ እጅግ ያምራል። ዝግ ያለ ነው፣ ሳክስፎን ይገባበታል፣ ሌሊት ብቻህን የምትሰማው ዓይነት ነው። ሐሳቡ ግን አልሠራም። ማድ ሲዝን ከዚህ ሌላ አልበም አላወጣም፤ የቤዝ ተጫዋቹ በ1999፣ ድምፃዊው በ2002 ሞቱ። ሁለቱንም የወሰዳቸው ያው ሄሮይን ነው። ከዚህ የምንማረው ፍቅርና ሙዚቃ ጥሩ ቢሆኑም ሐኪም እንደማይተኩ ነው። በጫትም፣ በመጠጥም፣ በሌላም የተያዘ ጓደኛ ያላችሁ ልጆች፣ አብራችሁ ሁኑ፤ ግን «አብሬው ስላለሁ ይድናል» ብላችሁ ብቻ አትቀመጡ። ወደ ሕክምና ውሰዱት።

5ኛ. ዴዝ፦ «ፎር ዘ ሆል ወርልድ ቱ ሲ» (ተቀዳ 1975፣ ወጣ 2009)

«የፈረንጅ ጩኸት» ለሚሉህ ጓደኞችህ ይህንን አሰማቸው። ዴዝ ማለት «ሞት» ማለት ነው፤ ስሙ ብቻውን እናትህን ያስደነግጣል። ባንዱ ግን የሦስት ጥቁር አሜሪካውያን ወንድማማቾች ነው፣ የዲትሮይት ልጆች። አባታቸው በአደጋ ሲሞቱ ታላቅየው ሞትን በሌላ ዓይን እንየው ብሎ ስሙን አወጣ። አንድ ትልቅ የሙዚቃ ኩባንያ ኃላፊ «ስማችሁን ቀይሩና እናስፈርማችሁ» አሏቸው። «አንቀይርም!» አሉ። ውሉም ቀረ። ሰባት ዘፈን ቀድተው ቁጭ አሉ። በራሳቸው ገንዘብ ሁለት ዘፈን ብቻ በ500 ሸክላ አሳተሙ። የሚያጫውታቸው ሬዲዮ እንደልብ አልተገኘም።

ታላቅየው በ2000 በካንሰር ሞተ። ከመሞቱ በፊት ቴፑን ለወንድሙ ሰጥቶ «አንድ ቀን ዓለም ይህንን ፈልጎ ይመጣል፣ ጠብቅልኝ» የሚል አደራ ትቶ ነበር። ወንድሙም አደራ አልበላም። ከዓመታት በኋላ ሸክላ ሰብሳቢዎች ያቺን ትንሽ ሸክላ አገኟት፣ ወሬው ዞሮ ዞሮ የወንድሞቹ ልጆች ጋ ደረሰ። ልጆቹ አባቶቻቸው ሮክ ይጫወቱ እንደነበር እንኳ አያውቁም ነበር! በ2009 አልበሙ ወጣ። ከግማሽ ሰዓት ያነሰ ነው፣ ሳታስበው ያልቃል፣ ትደግመዋለህ።

6ኛ. ዊች፦ «ሌዚ ቦንስ» (1975)

ይህ ደግሞ ከዚሁ ከአፍሪካችን፣ ከዛምቢያ ነው። በዚያ ዘመን የዛምቢያ ወጣቶች የራሳቸውን ሮክ ፈጥረው «ዛምሮክ» ብለውት ነበር። የሻከረ ጊታር፣ ከሥር የአገራቸው ምት። በኋላ የመዳብ ዋጋ ወድቆ የአገሪቱ ኢኮኖሚ ተናጋ፤ ቀጥሎ ኤድስ መጣና ከባንዱ አባላት አብዛኞቹን ጨረሰ። ድምፃዊው ተርፎ የከበረ ድንጋይ ሲቆፍር ኖረ። እሱ ግን ወደ መድረክ ተመልሶ በ2023 አዲስ አልበም አወጣ። እኛም ብንሆን እንግዳ አይደለንም፦ ጃኖ ባንድ በ2012 «ኤርታሌ»ን ይዞ ሲመጣ የሮክ ጊታርና የአገራችን ዜማ እንደማይጣሉ አሳይቶናል።

አሁን ወደ ቤትህ ጉዳይ እንመለስ።

አንደኛ፣ እናትህን «ፋራ» አድርገህ አትይ። የሰይጣንን ምልክት ለገበያ ብለው የሚለጥፉ ባንዶች መኖራቸው እውነት ነው። እናትህ ያዩት የካሴቱን ሽፋን፣ የቲሸርቱን ሥዕል ነው። ቢፈሩ አይፈረድባቸውም። አንተም ሁሉንም ከመከላከል የምትሰማውን ምረጥ።

ሁለተኛ፣ በር ዘግተህ በተናጋሪ አታንጫጫው። ለጎረቤትም አይመችም። በማዳመጫ ስማ፣ ድምፁንም ቀነስ አድርገው፤ ጆሮ አንዴ ከተጎዳ መልሶ አይመጣም። እሳቸው ጸሎት ላይ ባሉበት ሰዓት ደግሞ ጭራሽ አትክፈተው።

ሦስተኛ፣ አንድ ቀን ቡና ሲፈላ አጠገባቸው ተቀመጥና ታሪኩን ንገራቸው። ዘፈኑን መጀመሪያ አይደለም፣ ታሪኩን! «እማዬ፣ ጓደኛው የሞተበት አንድ ልጅ ነበር…» ብለህ ጀምር። የኢትዮጵያ እናት የሞተ ሰው ታሪክ ስትሰማ «እኔን!» ሳትል አታልፍም። ከዚያ ቁጥር 3ን ዝቅ አድርገህ ክፈትላቸው። ላይወዱት ይችላሉ። ልጃቸው የሚሰማው የሰው ኀዘን መሆኑን ግን ያውቃሉ፣ ያ ይበቃል።

አራተኛ፣ የጸበሉ ነገር የእምነት ጉዳይ ስለሆነ እኔ አልገባበትም። ግን አስብበት፤ አንዳንዴ እናት «አብረን እንሂድ» ስትል የምትፈልገው መንገዱን አብሮ መሄዱን ነው። አብረሃቸው ብትሄድ የሚቀርብህ ነገር የለም።

የመጨረሻውና ዋናው፣ ራስህን በእውነት ጠይቅ። እንቅልፍ ትተኛለህ? ትበላለህ? ከሰው ጋር ትጫወታለህ? ወይስ በሩ የሚዘጋው ለሙዚቃው ብቻ አይደለም? እናት ምክንያቱን ብትስትም ምልክቱን አትስትም። ሆድህ የከፋው ነገር ካለ ጥፋቱ የጊታሩ አይደለም፣ መድኃኒቱም ጊታሩ ብቻ አይሆንም። ለምታምነው ሰው ተናገር፣ ሐኪምም አማክር፤ ነውር የለውም።

ደህና ከሆንክ ደግሞ እሰየው! አልበሞቹን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ዘፈን ሳትዘል፣ በተቀመጡበት ቅደም ተከተል ስማቸው። እናትህ ምን እንዳሉም ጻፍልን፣ እዚሁ ገጽ ላይ እናወጣዋለን።

ሳምንት በሌላ ደብዳቤ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!