ነፃ ቦርድ በባዶ ካዝና አይቆምም



በ2004 ከአወሊያ ግቢ ከተነሱት ጥያቄዎቻችን አንዱ ተቋሙ ከመጅሊሱ እጅ ወጥቶ በነፃ ቦርድ ይተዳደር የሚል ነበር።  አሁን ደግሞ በራሳችን እጅ ያሉትን የየሰፈሩን ትናንሽ መድረሳዎችና የየቲም መርጃ ጀመዓዎች እንይ። ቦርድ የሾመባቸው የለም። ገንዘባቸውስ?

አብዛኞቹ የሚኖሩት ከረመዳን እስከ ረመዳን ነው። የረመዳኑ መዋጮ ሲያልቅ የኡስታዞች ደሞዝ በቀጠሮ ይሆናል፤ ኮሚቴውም የአንድ ባለሀብት ደጅ ይጠናል። ያ ሰው አንድ ቀን «እገሌን አሰናብቱ፣ ይህን ኪታብ አታቅሩ» ቢል ምን ይመለስለታል? የቤት ኪራይ ያለበት ኮሚቴ አፉ የታሰረ ነው።

ስለዚህ እያንዳንዱ ጀመዓ ቢያንስ የስድስት ወር ወጪውን ተቀማጭ ሊያደርግ ይገባል። ወርሃዊ ወጪው 10 ሺህ ብር ከሆነ ተቀማጩ 60 ሺህ ይሆናል። በየወሩ 2 ሺህ ብር ቢያስቀር በ30 ወር ይሞላል።

«የአላህን ገንዘብ ማከማቸት ተወኩልን አይቃረንም ወይ?» የሚሉ ወንድሞች አሉ። ነቢዩ ዩሱፍ (ዐ.ሰ) የሰባቱን የጥጋብ ዓመታት እህል ከነዛላው ያስቀመጡት ለሰባቱ የድርቅ ዓመታት ነው። ዑመር (ረ.ዐ) በኸይበር ያገኙትን መሬት ወቅፍ ሲያደርጉም ዋናው እንዳይሸጥ፣ ፍሬው ለድሆች እንዲውል ነበር።

ዘካ ግን ከዚህ ይለያል። ባለመብቶቹ በሱረቱ ተውባ አያ 60 ተቆጥረዋል፤ ገንዘቡ ለእነሱ ቶሎ መድረስ አለበት። ተቀማጭ የሚያዘው ከመዋጮና ከጠቅላላ ሰደቃ ነው። ለየቲም ተብሎ የተሰጠም ለየቲም ብቻ ይውላል።

ተቀማጭ ያለ ሒሳብ ደግሞ ፊትና ነው። የቁርኣን ረጅሙ አያ ስለ ዕዳ መጻፍና ስለ ምስክር የሚያዝ ነው። «ወንድማማች ነን፣ ምን መዝገብ ያስፈልጋል» የሚል ኮሚቴ አማናን አልተረዳም። ገንዘቡ በጀመዓው ስም ይቀመጥ፤ ያለ ሦስት ፊርማ አይውጣ። በየሦስት ወሩ ገቢው፣ ወጪውና ተቀማጩ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ይነበብ።

ውድ ወንድሞችና እህቶች! በዚህ ጁምዓ የመድረሳችሁን ኮሚቴ በአደብ ጠይቁ፦ «ዛሬ መዋጮ ቢቆም ስንት ወር እንቆያለን?» መልሱ «አንድም» ከሆነ ከወቀሳው በፊት የመጀመሪያውን መዋጮ አስቀምጡ።

አላህ አማናችንን የምንጠብቅ ያድርገን። አሚን።